የጎልፍ ዱላን በገዛ እጅ ማደስና መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎልፍ ተጫዋች ስለ ኳስ፣ ስለ ሜዳና ስለ አቋቋሙ ሲያወራ ይውላል። በእጁ ስለጨበጠው ጎማ የሚያነሳው ግን ጥቂት ነው፤ ከዱላው ሁሉ ሰውነታችን የሚነካው ግን ያንኑ ጎማ ብቻ ነው። እዚህ ገጽ ላይ ግሪፕ ስንል በእጅ የሚያዘውን ጎማ፣ ሻፍት ስንል ዘንጉን፣ ራስ ስንል ደግሞ ኳሱን የሚመታውን ክፍል ነው።

ባለሙያ እያለ ለምን ራሴ ልሥራው?

ብዙ ሰው የሚጀምረው የእጅ ዋጋ ለመቆጠብ ብሎ ነው፤ እዚሁ ሥራ ላይ የሚቆየው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ከሱቅ የሚገዛ ዱላ መካከለኛ ቁመት፣ መካከለኛ እጅና መካከለኛ ጉልበት ላለው ሰው ታስቦ የተሠራ ነው። እጅዎ ትልቅ ከሆነ፣ ቁመትዎ አጠር ካለ ወይም ጣቶችዎን የመገጣጠሚያ ሕመም የሚያስቸግርዎ ከሆነ ያ መካከለኛ ሰው እርስዎ አይደሉም። ዱላውን ወደ ራስዎ የሚያመጣው መለካት ነው፤ የዚህ ሥራ ልቡም እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ፕላስተርና ማጣበቂያ ነው።

በዚህ መንገድ የተራመዱ ታላላቅ ሰዎች አሉ። ኖርዌይ የተወለደው ካርስተን ሶልሃይም የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሳለ አረንጓዴው ላይ፣ ማለትም ጉድጓዱ ባለበት አጭር ሣር ላይ፣ ኳስ ማስገባት አስቸገረውና በ1959 በካሊፎርኒያ ሬድዉድ ሲቲ፣ በቤቱ ጋራዥ ውስጥ የራሱን ፓተር፣ ማለትም ኳስን ወደ ጉድጓድ የሚያንከባልለውን ዱላ፣ ሠራ። ኳስ ሲመታ ከሚያሰማው ድምፅ ተነሥቶ ፒንግ አለው፤ ዛሬ በዓለም የታወቀው ኩባንያ የተነሣው ከዚያ ጋራዥ ነው። አርኖልድ ፓልመርም በትውልድ ከተማው በላትሮብ፣ ፔንስልቬንያ በነበረው ወርክሾፕ ግሪፕ ሲቀይርና ራስ ሲሞርድ ሰዓታት ያሳልፍ ነበር። የሚያዘው ባለሙያ አጥቶ አይደለም፤ ዱላው እጁ ላይ እንዴት መሰማት እንዳለበት ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ ስላልነበረ ነው።

ግሪፕ መቀየር ያለብኝ መቼ ነው?

የተለመደው ምክር በዓመት አንዴ ወይም በየ40 ዙር ጨዋታ የሚል ነው። እኔ ግን ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ እጅን ማመን ይሻላል እላለሁ። ጎማው ካብለጨለጨ፣ ከጠነከረ፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ከተሸረሸረ ወይም ዱላው እንዳያመልጥዎ አጥብቀው መያዝ ከጀመሩ ጊዜው ደርሷል። አጥብቆ መያዝ ክንድን ያደርቃል፣ ክንድ ሲደርቅ ምቱ ይበላሻል፤ ተጫዋቹ ደግሞ ጥፋቱን አቋቋሙ ላይ ይፈልጋል።

ጎማን የሚገድሉት ላብ፣ የቆዳ ቅባት፣ ፀሐይና ሙቀት ናቸው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ ወገኖች ቦርሳችሁን በበጋ መኪና ውስጥ አታሳድሩ። ከመቀየር በፊት ደግሞ ማጠብ ይሞከር፦ ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ከዚያ በፎጣ ማድረቅ። የሞተ የመሰለ ግሪፕ በዚህ ብቻ የሚነሣበት ጊዜ ብዙ ነው።

ለመጀመር ምን ምን ዕቃ ያስፈልገኛል?

ሞርሳና ሻፍቱን ሳይጎዳ የሚይዝ የጎማ መቆንጠጫ፣ መንጠቆ ቅርጽ ያለው ምላጭ፣ በሁለት ፊቱ የሚለጠፍ የግሪፕ ፕላስተር፣ ማሟሟቻ፣ ፈሳሹን የሚቀበል ትሪ፣ ጨርቅና ውፍረት የሚለካ ካሊፐር። ሞርሳ ከሌለ አንድ ሰው ዱላውን አጥብቆ ቢይዝልዎ ይቻላል፤ ካሊፐር ግን አይቅር። ርካሹም ቢሆን ይሠራል።

ለማሟሟቻ አገር ቤት ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት አኳራጅ ይበቃል። ቀስ ብሎ ስለሚተን ግሪፑን ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል። ቤንዚን የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ፤ እባክዎ አይሞክሩት። ትነቱ ይመርዛል፣ በትንሽ ብልጭታ ይቀጣጠላል፣ ጎማውንም ይበላል። አኳራጅም ቢሆን ተቀጣጣይ ነውና መስኮት ይከፈት፣ ምድጃና ሲጋራ ከአጠገቡ ይራቁ። በውሃ የሚሠራ ፕላስተርም ይሸጣል፤ አፓርታማ ውስጥ ለሚሠራ ሰው እሱን እመርጣለሁ።

የግሪፕ ውፍረት የሚመረጠው እንዴት ነው?

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

በመጀመሪያ ሁለት ቁጥሮችን ይለዩ። አንዱ በላይኛው ጫፉ ላይ ያለው የሻፍቱ ውፍረት ነው፤ ብዙ ጊዜ 0.600 ኢንች (15.24 ሚሊ ሜትር) ወይም 0.580 ኢንች (14.73 ሚሊ ሜትር) ይሆናል። ሌላው የግሪፑ የውስጥ ስፋት ነው፤ በግሪፑ አፍ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ብዙ ጊዜ 58 ወይም 60 ተብሎ ታትሞ ይገኛል። 60 ግሪፕ 0.600 ሻፍት ላይ ሲገባ መደበኛውን ውፍረት ይሰጣል። 58 ግሪፕ እዚያው 0.600 ሻፍት ላይ ከገባ ግን ጎማው ተለጥጦ ከመደበኛው በ1/64 ኢንች ገደማ ይወፍራል። 60 ግሪፕ 0.580 ሻፍት ላይ ከገባ ደግሞ ይቀጥናል። ሱቅ ገብቶ «መደበኛ ስጡኝ» ብሎ መውጣት የማያዋጣው ለዚህ ነው፤ መደበኛ የሚሆነው ሁለቱ ሲገናኙ ብቻ ነውና።

ለመነሻ የሚሆን መለኪያ ይኸው፦ መደበኛ የወንዶች ግሪፕ ከላይኛው ጫፍ 2 ኢንች ወረድ ብሎ ሲለካ 0.900 ኢንች፣ ማለትም 23 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል። ሚድሳይዝ የሚባለው ከዚያ በ1/16 ኢንች፣ ጃምቦ ደግሞ በ1/8 ኢንች ይበልጣል። በመካከል ያለውን ለማግኘት ከግሪፑ ሥር ፕላስተር ይደራረባል፤ አንድ ተጨማሪ ዙር የወረቀት ፕላስተር 1/64 ኢንች ገደማ፣ ማለትም 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ያወፍራል።

ለእጅዎ ልክ መሆኑን የሚነግርዎ እጅዎ ራሱ ነው። ቀኝ እጅ ተጫዋች ከሆኑ ዱላውን በግራ እጅዎ ብቻ ይያዙ። የመካከለኛውና የቀለበት ጣትዎ ጫፎች የአውራ ጣትን ሥር ሥጋ ለስለስ ብለው ከነኩ ልክ ነው። ጥፍር መዳፍን ከወጋ ቀጭን ነው፤ በመካከል ክፍተት ከታየ ወፍራም ነው። ቀጭን ግሪፕ ኳሱን ወደ ግራ፣ ወፍራም ደግሞ ወደ ቀኝ ይወስዳል የሚለው አሮጌ ትምህርት ለሁሉም ሰው አይሠራም። ጣቶቹን ለሚያመው ሰው ግን ወፍራምና ለስላሳ ግሪፕ ትልቅ እፎይታ ይሰጣል፤ በዕድሜ የገፉ አባትዎ ወይም እናትዎ የሚጫወቱ ከሆነ መጀመሪያ የእነርሱን ዱላ ይቀይሩላቸው።

ከላይ እስከ ታች ውፍረቱ እኩል እንዲሆን የሚፈልግ ሰው በታችኛው እጅ በኩል ብቻ ሁለት ሦስት ዙር ፕላስተር ይጨምራል። ከመጨረስዎ በፊት በየዱላው ስንት ዙር እንደጠመጠሙ ደብተር ላይ ይጻፉ፤ በሚቀጥለው ዓመት አያስታውሱትም።

የድሮውን ግሪፕ እንዴት ላውጣው?

የብረት ሻፍት ከሆነ ቀላል ነው፦ መንጠቆ ምላጩን ከግሪፑ አፍ ያስገቡና ከራስዎ እያራቁ ወደ ጫፉ ይግፉት፣ ጎማው ተሰንጥቆ ይላጣል። ግራፋይት ሲሆን ግን ቀጥ ያለ ካተር አይጠቀሙ። ግራፋይት በሙጫ የተያያዘ የካርቦን ክር ነው፤ ክሩ ላይ ያረፈ ጭረት ከዓይን ተሰውሮ ይቆይና በምት መካከል ሻፍቱን ይሰብረዋል። መንጠቆውም ቢሆን ለስለስ ብሎ፣ ከሻፍቱ ጋር ትይዩ ሆኖ ይሂድ።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው የፕላስተር ቅሪት ነው፤ ትዕግሥት የሚፈልገውም እሱ ነው። በፀጉር ማድረቂያ ቢሞቅ ሙጫው ይለሰልሳል፤ ግራፋይት ላይ ሙቀቱ ለዘብ ይበል። የተረፈውን በማሟሟቻና በጨርቅ ይጥረጉት። አሮጌ ፕላስተር ላይ አዲስ ከደረቡ የለኩት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ግሪፑን ማትረፍ ከፈለጉ፣ ለምሳሌ አዲስ ሆኖ ሳለ ሻፍቱን መለወጥ ካለብዎት፣ በመርፌ ማሟሟቻ ከሥሩ ይረጫል፣ ወይም የታመቀ አየር በጫፉ ቀዳዳ ሲነፋበት ጎማው ያብጥና ይንሸራተታል።

አዲሱንስ እንዴት ላስገባው?

ዱላውን ሞርሳ ላይ ያስሩ፤ የራሱ ፊት ቀጥ ብሎ ዒላማውን እንዲያይ ያድርጉ። አዲሱን ግሪፕ ከሻፍቱ ጎን ይዘው የሚደርስበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ፕላስተሩን ከምልክቱ ትንሽ ከፍ ብለው ይጀምሩና ወደ ላይ ይለጥፉ፤ ከጫፉ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ተርፎ ይውጣ። ያንን ትርፍ ጠምዝዘው ወደ ሻፍቱ ውስጥ ይክተቱት፤ ማሟሟቻው ወደ ውስጥ እንዳይፈስ ይከለክላል። የላይኛውን ሽፋን ወረቀት መላጥ አይርሱ።

አሁን ፈጠን ማለት ያስፈልጋል። በግሪፑ ጫፍ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በቲ (ኳስ በሚቀመጥባት ትንሽ ችንካር) ይድፈኑ፣ ማሟሟቻ ያፍሱበት፣ አፉን በጣት ይዝጉና ያናውጡት። ውስጡ ያለውን በፕላስተሩ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር ያፍሱት፤ ደረቅ ቦታ አይቅር። ከዚያ የግሪፑን አፍ ጫን አድርገው ሻፍቱ ላይ ያጥልቁና ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ይግፉ። ጀማሪ ሰው ማሟሟቻ ይሰስታል፤ ግሪፑም መንገድ ላይ ይቀርበታል። በብዛት ያፍሱ፣ ትሪው ይቀበለዋል፣ ለሚቀጥለውም ያገለግላል። መካከል ላይ ከተያዘ ታግለው አይግፉት፤ ወዲያው መዞና እንደገና ማርጠብ ነው የሚያዋጣው።

የጫፉ ቆብ ሻፍቱን እስኪነካ ከገባ በኋላ ለማስተካከል አንድ ሁለት ደቂቃ አለዎት። ዱላውን እንደሚመቱ ሆነው ይያዙና ከላይ ወደ ታች ይመልከቱ፦ ግሪፑ ላይ ያለው መስመር ከራሱ ፊት ጋር ቀጥ ማለት አለበት። ከሥሩ ከፍ ያለ ጅማት ያለው ግሪፕ ከሆነ ጅማቱ በትክክል ከበስተኋላ ይሁን፤ በትንሹ እንኳ ከዞረ ጣቶችዎ ሳያውቁት ፊቱን ያዞሩታል።

ስንት ሰዓት ልጠብቅ?

ሌሊቱን ያሳድሩት። በጥቂት ሰዓት ይደርቃል የሚሉ አሉ፤ እጅዎ ውስጥ ዞር የሚል ግሪፕ ግን ዙሩን ሁሉ ያበላሻል።

ፓተርም እንደዚሁ ነው?

አሠራሩ አንድ ነው። ልዩነቱ የፓተር ግሪፕ ከፊት በኩል ጠፍጣፋ መሆኑ ነው፤ ያ ጠፍጣፋ ክፍል ከፓተሩ ፊት ጋር ፍጹም እኩል መዋል አለበት። የውስጥ ስፋቱም ብዙ ጊዜ 58 ነው።

ግሪፕ ለምጃለሁ። ሙሉ ዱላ ለመሥራት ከየት ልጀምር?

ከአንድ ዱላ፣ ያውም ከአሮጌ። አሜሪካ ያለ ሰው ጉድዊልን የመሰለ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ገብቶ በጥቂት ዶላር አይረን (ራሱ ከብረት የተሠራ ባለቁጥር ዱላ) ያገኛል። እሱን ፈትቶ መልሶ መግጠም ከማንኛውም ቪዲዮ የበለጠ ያስተምራል። ድራይቨር፣ ማለትም ኳስን ሩቅ የሚመታው ረጅሙ ዱላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አይመረጥም፤ ኳሱን የሚመታው በከፍተኛ ፍጥነት ስለሆነ ደካማ ማጣበቂያን አይምርም። 7 ቁጥር አይረን ወይም ዌጅ (ለአጭር ምት የሚሆነው) ይሻላል።

ዕቃ ሲገዙ መጀመሪያ የሻፍቱን የታች ጫፍ ውፍረት ከራሱ ቀዳዳ ጋር ያገናኙ። አይረን ላይ ሁለት ዓይነት አለ፦ እየቀጠነ የሚሄድ 0.355 ኢንች እና ወጥ የሆነ 0.370 ኢንች። ድራይቨር ብዙውን ጊዜ 0.335 ነው። 0.370 ሻፍት 0.355 ቀዳዳ ውስጥ አይገባም፤ ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ ማስፋት ይቻላል፣ ግን ለመጀመሪያ ሥራ አይሆንም። የአቆራረጣቸው ልዩነትም ከባድ ነው። 0.355ቱ ለየዱላ ቁጥሩ በራሱ ርዝመት ስለሚመጣ የሚቆረጠው ከላይ ብቻ ነው። 0.370ው ግን ጥንካሬው እንዲስተካከል መጀመሪያ ከታች፣ ብዙ ጊዜ በየቁጥሩ ግማሽ ኢንች እየተጨመረ፣ ቀጥሎ ለርዝመቱ ከላይ ይቆረጣል። ከታች የተቆረጠ አይመለስምና የአምራቹን ሰንጠረዥ ሳያዩ መጋዝ አያንሡ።

ብረት ሻፍት በቱቦ መቁረጫ ይቆረጣል። ግራፋይት በዚያ ይደቃል፤ የሚቆረጠውን ቦታ በፕላስተር ጠቅልለው ጥርሱ ደቃቅ በሆነ ሴጌቶ፣ እያዞሩ ይቁረጡት። አቧራው ሳንባ ውስጥ እንዳይገባ ማስክ ያድርጉ።

ራሱን ከአሮጌው ሻፍት እንዴት ላላቅቀው?

በሙቀት። ኢፖክሲ ማጣበቂያ ሲሞቅ ይለቃል። የብረት ሻፍት ከሆነ የራሱን አንገት፣ ሻፍቱ የሚገባበትን፣ አሙቆ፣ ወፍራም ጓንት አድርጎ፣ ጠምዝዞ ማውጣት ይቻላል። ግራፋይት ግን መጠምዘዝ የለበትም፤ ክሩ ይተረተራል። የሙቅ አየር መንፊያ ብቻ ተጠቅሞ፣ ሻፍት መንቀያ በሚባለው መሣሪያ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። መንቀያ ከሌለዎት ይህን አንዱን ሥራ ለባለሙያ ይተዉት።

እንዳይላቀቅ አድርጌ የማጣብቀውስ እንዴት ነው?

ራስ በርሮ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ማጣበቂያው መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ገጹ ሳይዘጋጅ ቀርቶ ነው። የብረት ሻፍት ጫፍ ላይ ያለው አብረቅራቂ ሽፋን በብርጭቆ ወረቀት እስኪደበዝዝ ይሻር። ግራፋይት ላይ ቀለሙ ብቻ ይነሣ፣ ክሩ አይነካ። የአንገቱ ውስጥም ከአሮጌ ማጣበቂያ ይጽዳና በአሴቶን ይጠረግ። አሴቶኑ እስኪተን ይጠብቁ።

ሻፍቱና አንገቱ የሚገናኙበትን ቦታ የሚሸፍነውን የፕላስቲክ ቀለበት፣ ፈሩል የሚባለውን፣ አስቀድመው ያስገቡ። ሳይጣበቅ አንዴ ገጥመው ጥልቀቱን ያረጋግጡ። ቀጥሎ ለጎልፍ ዱላ የተሠራውን ባለሁለት ክፍል ኢፖክሲ በትክክለኛው መጠን ደባልቀው ሻፍቱንም የአንገቱን ውስጥም ይቀቡ፤ እያዞሩ ያስገቡ። የተረፈውን ይጥረጉ፣ ራሱን ወደ ታች አድርገው ያቁሙትና 24 ሰዓት ይተዉት። በማግስቱ ፈሩሉን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ከአንገቱ ጋር አስተካክለው አሴቶን በነካ ጨርቅ አንድ ጊዜ ብቻ ቢያሻሹት ያብለጨልጫል።

ርዝመት የሚለካው እንዴት ነው?

ዱላውን እንደሚጫወቱ አድርገው መሬት ላይ ያስቀምጡ፤ ከራሱ ተረከዝ፣ ማለትም ወደ ሻፍቱ ካለው ጎኑ፣ በስተኋላ ከመሬት እስከ ግሪፑ ጫፍ ይለኩ። የብረት ሻፍት ያለው 7 ቁጥር 37 ኢንች አካባቢ ነው፣ ከዚያ በየቁጥሩ ግማሽ ኢንች ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ሻፍቱን ከመቁረጥዎ በፊት የግሪፑ ቆብ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እንደሚጨምር ያስቡ።

ስዊንግ ዌይት ሲሉ እሰማለሁ፤ ምንድን ነው?

ሲወዛወዝ የራሱ ክብደት ምን ያህል እንደሚሰማ የሚያሳይ መለኪያ ነው። ዱላው ከላይኛው ጫፍ 14 ኢንች ላይ ሚዛን ላይ ይቀመጥና ወደ ራሱ የሚያደላበት መጠን በፊደልና በቁጥር ይነበባል። የወንዶች ዱላ በአብዛኛው ዲ0 እስከ ዲ2፣ የሴቶች ደግሞ ሲ በሚባለው ክልል ነው።

ቤቱ ለሚሠራ ሰው የሚጠቅሙት ሦስት ስሌቶች ናቸው። ራሱ ላይ 2 ግራም ሲጨመር አንድ ነጥብ ይወጣል። ርዝመቱ ግማሽ ኢንች ሲጨምር ሦስት ነጥብ ይወጣል። ግሪፑ 5 ግራም ያህል ሲከብድ ደግሞ አንድ ነጥብ ይወርዳል። ስለዚህ 50 ግራም የሚመዝነውን መደበኛ ግሪፕ በ65 ግራም ጃምቦ የተካ ሰው ሦስት ነጥብ ያህል አውርዷል፤ ራሱ የቀለለ የሚመስለው ለዚህ ነው። ራሱ ላይ የእርሳስ ፕላስተር (እርሳስ ከሚባለው ከባድ ብረት የተሠራ) በመለጠፍ ይካካሳል። ሁሉም ዱላዎች ተቀራራቢ መሆናቸው ከቁጥሩ ከራሱ ይበልጣል፤ የአንድ ነጥብ ልዩነት እንቅልፍ ሊነሳዎ አይገባም።

በራሴ የሠራሁት ዱላ ለውድድር ይፈቀዳል?

ይፈቀዳል፣ ደንቡን ከጠበቀ። ደንቡን የሚያወጡት አር ኤንድ ኤ እና ዩ ኤስ ጂ ኤ (የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር) የተባሉት ሁለት የጎልፍ ድርጅቶች ናቸው። ከፓተር በቀር ዱላ ከ48 ኢንች መብለጥ የለበትም፤ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ የባለሙያ ውድድሮች ወደ 46 ኢንች ዝቅ ሊያደርጉት ይችላሉ። የትኛውም ዱላ ከ18 ኢንች አያንስም። ከፓተር በቀር ግሪፕ ክብ መሆን አለበት፤ ቀጥ ያለ ከፍ ያለ ጅማት ይፈቀዳል፣ በጣቶች ቅርጽ የተቀረጸ ግን አይፈቀድም። ፕላስተር ስትደራርቡ መካከሉ ያበጠ ግሪፕ እንዳይወጣ ተጠንቀቁ፤ ይህም ይከለከላል። የእርሳስ ፕላስተር ከዙሩ በፊት መለጠፍ ይቻላል፣ በጨዋታ መካከል መጨመርም ማንሣትም አይቻልም። ቦርሳው ውስጥ ከ14 ዱላ በላይ አይገባም።

ኢትዮጵያ ለምኖረውስ ዕቃው እንዴት ይገኛል?

ከውጭ ዘመድ የሚመጣ ከሆነ ችግሩ ቀላል ነው። ፓተሩን ትተን 13 ግሪፕ 650 ግራም ገደማ ነው፤ ሻንጣ ጥግ ይገባል፣ ፕላስተሩም እንዲሁ። ማሟሟቻና አሴቶን ግን ተቀጣጣይ ስለሆኑ አውሮፕላን ላይ አይጫኑም፤ እነሱን ከቀለም መሸጫ እዚያው ይግዙ። ከማዘዝዎ በፊት የሻፍቱን ውፍረት በካሊፐር ለክተው ይላኩ። «ግሪፕ አምጣልኝ» የተባለ ዘመድ ያገኘውን ይዞ ነው የሚመጣው።

የአዋቂ ዱላ ለልጄ አሳጥሬ ብሰጠው ይሆናል?

ብዙ ወላጅ የሚያደርገው ነው፤ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሲቆረጥ ሻፍቱ ይጠነክራል፣ ራሱ ግን ያው ከባድ ነው፤ ልጁም ዱላውን ሳይሆን ዱላው ልጁን ያወዛውዘዋል። የግድ ከሆነ ቀላል የሴቶች ግራፋይት ዱላ ይምረጡ። ሻፍት ወደ ታች እየቀጠነ ስለሚሄድ ከላይ በብዛት ከተቆረጠ አዲሱ ጫፍ ከ0.580 በታች ይሆናል፤ የአዋቂ ግሪፕ ይላላበታል። ለክተው ውስጡ የጠበበ የልጆች ግሪፕ ይግዙለት። ልጁ ሲያድግ ሻፍቱ ውስጥ የሚገባ ማራዘሚያ ተሰክቶ በኢፖክሲ ይጣበቃል፤ ከ2 ኢንች ያለፈ ከፈለገ ግን ሌላ ሻፍት ቢገጠምለት ይሻላል።